የ«ዝም በል» ቅያስ አስጎብኚ

ሰውየው ሃያ ስምንት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሰፈሩ ግን ጡረታ አላወጣውም፤ ዛሬም «ቆጣሪው» ነው የሚሉት። ቤት መቀመጥ አላስችል ሲለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሰብስቦ በየቅያሱ እያዞረ የድሮ ነገር ማውራት ጀመረ። ቤተ መንግሥት የለ፣ ሐውልት የለ። የሚያሳየው የተደፈነ የቦኖ ውሃ፣ በሩ ከመንገድ ወደ ጓሮ የዞረ ቤት፣ ሦስት ጊዜ ስሙ የተቀየረ ፀጉር ቤት ነው።

«እቤት አፉ በጉጠት የማይከፈት ሰው፣ ውጭ ሲወጣ ሬዲዮ ይሆናል!» ትላለች ሚስቱ።

አንድ ቅዳሜ ግን ሬዲዮው ቃሉን እየመረጠ ነው የሚያወራው። ተከትለውት ከሚሄዱት አሥራ አራት ሰዎች አንዷ ከከተማው ቱሪዝም ቢሮ የመጣች ናት። ፈቃድ ይሰጠው ወይም ይከልከል የምትለው እሷ ናት። ከከለከለችው ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰው አስከትሎ መዞር ቀረ ማለት ነው። 

ደግነቱ ጥሩ ሄደለት። ሰው ሳቀ፣ ጠየቀ፣ ፎቶ አነሳ። በመጨረሻ «ዝም በል» የምትባለው ጠባብ ቅያስ ደረሱ። ይቺ የሚኮራባት ቦታ ናት።

«እዚህ ጋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ኃይለኛ ዳኛ ይኖር ነበር። በደጁ የሚያልፍ ሰው ትንፍሽ ካለ ዘበኞቹ ‹ዝም በል!› እያሉ ያፈጡበታል። ስሙም በዚያው ቀረ።»

የቢሮዋ ሴት ጻፈች። ወዲያው ከጀርባው ያለው የቆርቆሮ በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ባልዲ ይዘው ብቅ አሉ።

«የምን ዳኛ ነው?»

«እማማ፣ ድሮ እዚህ ቤት ውስጥ…»

«እዚህ ቤትማ አርባ ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ! ዳኛ ቢኖር አላየውም? አራት ሴቶች ሆነን ነው የተከራየነው፤ አራታችንም የክር ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ። ሌሊት ስንሠራ አድረን ቀን እንተኛለን። ታዲያ ማን ያስተኛናል? አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያፏጫል። የተረፈ ቀለም አገኘንና ግድግዳው ላይ ‹ዝም በል› ብለን ጻፍንበት። ቀለሙን ዝናብ አጠበው፣ ስሙ ቀረ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ጠጋ አሉት። «ቆይ ቆይ… አንተ ያ በር ደብዳቢው አይደለህም?»

«ማ? እኔ?»

«‹ቆጣሪ! ቆጣሪ!› እያልክ በሩን ልትገነጥለው የምትደርሰው! ከሁሉም በላይ ላንተ ብለን እኮ ነው የጻፍነው!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የቆጣሪው ፊት ፍም መሰለ። «ታሪኩ በሁለት መልኩ ይነገራል» የሚል ማምለጫ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። የቢሮዋን ሴት እስክሪብቶ አየ። ማምለጫውን መልሶ ዋጠው።

«ልኩ እሳቸው ያሉት ነው» አለ። «ዳኛውን ከሥራ ባልደረባዬ ሰማሁት፤ ዘበኞቹን ራሴ ጨመርኩ። ይሄን በር በየወሩ እየደበደብኩ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩም።»

«ሌላስ የጨመሩበት አለ አባቴ?» አለች የቢሮዋ ሴት።

«ፀጉር ቤቱ ላይ… ትንሽ።»

ሳቋን መያዝ አቃታት። «እንግዲያው በሚያስጎበኟቸው ዘጠኙም ቦታዎች የሚኖሩትን ሰዎች ጠይቀው፣ ያሉትን ጽፈው ያምጡልኝ። ያኔ እፈርማለሁ። ዳኛውን ግን ይዘው እንዳይመጡ!»

«ቀስ ብሎ እንዲያንኳኳም ጻፊበት፣ የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ።

ሰኞ ጠዋት ቆጣሪው ደብተሩን ይዞ፣ ደረጃው የትም ሳይደርስ ግድግዳ ላይ ወደሚያልቅ ቤት፣ ከዘጠኙ ወደ አንዱ፣ ሄደ። በሩን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረገ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የጎልማሳ ድምፅ።

«ቆጣሪ!» አለ አፉ፣ ሳይጠይቀው። ደነገጠ። «አይ አይ፣ ቆጣሪ አይደለሁም። ይሄ ደረጃ ድሮ የት ያወጣ እንደነበር ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ውስጥ ሳቅ ተሰማ። መቀርቀሪያው ተሳበ።

«እሱንማ ቆሞ የሚያወራው የለም። ግባ፣ ግባ!»

ገባ። ወንበር ሳቡለት። ደብተሩን ገለጠና፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቁጥር ብቻ ሲጽፍ በኖረ እጁ፣ የሚሉትን ቃል በቃል መጻፍ ጀመረ።