ወንፊት ያልኩት ከቨር

ዳይሬክተራችን ካርቶኑን በቢላ ቀደው ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድሩ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እግር እቀያይር ነበር። ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እሾህ ላይ የተቀመጥሽ ይመስል ምን ያቁነጠንጥሻል?» እያለችኝ ነው ያደግኩት፤ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ መጥቼ የአንደኛ ክፍል መምህርት ከሆንኩም ወዲህ አልለቀቀኝም። የዚያን ቀን ግን ለመቁነጥነጤ ምክንያት ነበረኝ። ታብሌቶቹን ለክፍሌ ልጆች የሰጠን በወረዳችን ሰሊጥ የሚያመርት አንድ ባለሀብት ነው። ፊደሉ በድምፅ፣ ቁጥሩ በሥዕል ውስጣቸው ተጭኗል፤ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ዳይሬክተሩ ግን እየደረደሩ በጎን በኩል የሚያዩት ወደ ብረት ቁም ሳጥኑ ነበር።

ያንን ቁም ሳጥን አውቀዋለሁ። ከቢሮው የቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ፣ ቁልፉ ከዳይሬክተሩ ኪስ የማይወጣ ነው። ውስጡ አንድ ግሎብ አለ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የመጣ ነው፤ ከነካርቶኑ ገብቶ አንድም ልጅ አዙሮት አያውቅም። ለትምህርት ብጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ይሰበራል» ነው። እኔም ምድር ክብ መሆኗን በሎሚ አስተምራለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼው ነው። እሳቸውን ብቻ አልወቅስም፤ በእናቴ ቤትም ጥሩው ብርጭቆ እንግዳ እየጠበቀ ቡፌ ውስጥ ያረጃል።

«ልጆች ናቸው እኮ፣ መምህርት» አሉኝ ዳይሬክተሩ። «ንብረቱ በኔ ስም ነው የተመዘገበ። የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ምን ዕቃ ሲበረክት አየሽ?»

«ከቨር ይገዛላቸዋ! ቢወድቁ ከመሰበር የሚያድን ከቨር አለ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«ይጠርጥሩ፤ ግን ይሞክሩን።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቃል ተገባባን፤ ከቨሩን እኔ መርጬ አመጣለሁ፣ ልጆቹም እስከ ፋሲካ ይማሩበታል። እስከዚያ አንድ ታብሌት እንኳ ከሞተ ሁሉም ቁም ሳጥን ይገባሉ። ቁም ሳጥን ገቡ ማለት ደግሞ ከግሎቡ ጋር ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው።

በማግሥቱ አንዱን ታብሌት በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ላይ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል። ከተማዋ እንደወትሮዋ ነበረች፤ ጉምሩክ የሚጠብቁ መኪናዎች ተሰልፈዋል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በእግር የመጣው ሰው ጓዙን ተሸክሞ ጥላ ይፈልጋል። እኔ ጥላም አልፈለግሁ። በቀጥታ የስልክ ዕቃ ወደሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ገባሁ። ጀለቢያ የለበሱ፣ ብዙ ዓመት ሱዳን ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ያወጡልኝ የቆዳ የመሰለ፣ ሲከደን ጠቅ የሚል ነበር። ያምራል። እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይከፈታል።

«ተማም፣ ጥሩ ነው! ይኼ የትልቅ ሰው ነው» አሉ።

«የኔዎቹ ትልቅ ሰው አይደሉም፣ አባባ። ማዕዘኑ ራቁቱን ነው። ልጅ ዕቃ ሲጥል ደግሞ በማዕዘኑ ነው የሚጥል።»

ሁለተኛው እንደ መስታወት የጠራ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። በጥፍሬ መታ ሳደርገው ድምፁን አልወደድኩትም። ሦስተኛው ወፍራም የጎማ ነው፤ ማዕዘኖቹ ያበጡ፣ መያዣ እጀታ ያለው፣ ጀርባው ድፍን፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ ሳይቀር ክዳን የተበጀለት። አራተኛውም ጎማ ነው፤ ማዕዘኑ ወፍራም ሆኖ ጀርባው ሳሳ ያለና በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ።

«ይኼማ ወንፊት ነው» አልኩ አራተኛውን ገፋ አድርጌ። «ዱቄት ልነፋበት ነው?»

ከዚያ ሦስተኛውን ታብሌቱ ላይ አልብሼ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ሽማግሌው ከመደርደሪያው ኋላ ዘለው ወጡ።

«ኧረ በማርያም! ያዢው! ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ የመንግሥት ዕቃ አትሰብሪም!»

ብልሃቱን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ጎረቤታቸው የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል፤ ከእሱ ዘንድ የተረፈ የሴራሚክ ቁራጭ በታብሌቱ ልክ አስቆርጠው አመጡ። ሴራሚኩን ከቨር እያለበስን በረንዳው ላይ ከራሴ በላይ እያነሳን ጣልን። ባጃጅ ነጂዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡን፤ «ይሰበራል» «አይሰበርም» ሆነ። ጠቅ የሚለው ውስጥ የነበረው ሴራሚክ ለሁለት ተሰነጠቀ። የጠራው ፕላስቲክ ከነሴራሚኩ ረገፈ። ድፍኑ ጎማ ግን ዱብ ብሎ ነጠረና አንዱን ባጃጅ ነጂ ቁርጭምጭሚቱን መታው። ሰዉ አጨበጨበ። ወንፊቱን ሽማግሌው «እሱንም እንጣለው» ቢሉኝ እኔ ቀድሜ ድፍኑን በታብሌቶቹ ቁጥር አስጠቅልዬ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ተረት የማስተምር ሰው፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ለጥቂት ሳምንታት ልክ ነበርኩ። ልጆቹ ታብሌቱን ጣሉት፣ ተቀመጡበት፣ አንዱ ኳስ ሊያደርገው ሞከረ። ዱብ በተሰማ ቁጥር ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው ብቅ ይላሉ፤ እኔ ታብሌቱን ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከሁሉ በላይ ያስደሰተችኝ የአንድ ትራክተር ሾፌር ልጅ ናት። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ አታውቅም ነበር፤ ፊደል ብጠይቃት እንባዋ ይቀድማል። ታብሌቱ «ለ» ሲላት ግን ቀስ ብላ «ለ» አለችው። ማሽን አይስቅባት፣ አይቆጣት። ከዚያ እኔም ስጠራላት መመለስ ጀመረች። አንድ ቀን የ«ለ»ን ቤተሰብ ሙሉውን «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ብላ ስትወጣው እኔ ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬ አለቀስኩ። ቁም ሳጥኑን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠላሁት።

መጋቢት ገባ። የቆላን መጋቢት የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔ ክፍል የከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ወላፈኑ በመስኮት ይገባል። አንድ ቀን ትምህርቱ መሃል አንድ ታብሌት የቴርሞሜትር ምልክት አሳየና ጨለመ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሌላው። «ቲቸር፣ ሞተብኝ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው። አንዱን አንስቼ ጀርባውን ስነካው እንደ ምድጃ ጎን ያቃጥላል። ያ የመረጥኩት ድፍን ጎማ ሙቀቱን አፍኖ ይዞታል። ለብርድ አገር ልጅ የተሰፋ ጃኬት ለመተማ ልጅ አልብሻለሁ።

ከቨሩን ስናወልቅ ታብሌቶቹ ቀዝቅዘው ተመለሱ። እፎይ አላልኩም። ሲለብስ ይጠፋል፣ ሲራቆት ይወድቅና ይሰበራል። በማግሥቱም እንደዚያው፣ ከዚያም እንደዚያው ሆነ። ልጆቹን በየተራ ከቨር አስወልቃለሁ፣ አስለብሳለሁ፣ በወንበሮቹ መካከል ስመላለስ ውዬ ማታ እግሬ ያብጣል። ለዳይሬክተሩ ብነግራቸው መልሳቸው የታወቀ ነው። ፋሲካ ደግሞ ገና ነው። መፍትሔው ጧት ማስተማር ነበር፤ እናም አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ ታብሌቶቹ ከነከቨራቸው ግለው በጠፉበት፣ «ፈረቃ እንለዋወጥ» ብዬ ልለምናት እዚያው ግቢ ወደምትኖረው የጧት ፈረቃ መምህርት ሮጥኩ። የተለየ ነገር አልነበረም፤ ጥቂት አወራን፣ እሺ አለችኝ፣ ተመለስኩ።

ክፍሉ ባዶ ነው። ጠረጴዛዎቹም ባዶ ናቸው።

ልጆቹን ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። በጸጥታ ይሠራሉ። እዚህ አገር የመጠጥ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ጀሪካኑ ጆንያ ይለብሳል፣ ጆንያው ውሃ ይጠጣል፣ ጥላ ሥር ነፋስ ያገኘዋል። የትራክተር ሾፌር ያለዚያ ጀሪካን እርሻ አይወርድም። ልጆቼም ከትምህርት ቤቱ ጀሪካኖች ጆንያውን ገፈው፣ ቀድደው፣ ነክረው፣ እያንዳንዱን ታብሌት እንደ ጨቅላ ጠቅልለው በተርታ አስተኝተዋል። የሾፌሩ ልጅ በጣሳ ውሃ እየዞረች ታርከፈክፋለች። ከመስከረም ጀምሮ ሳትናገር የከረመችው ልጅ ሌሎቹን ታዛለች። «ነፋስ ወዳለበት አዙረው! ጥላው እንዳይሸሽህ!»

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ልጅቷ ጣሳውን እንደያዘች ደንግጣ፣ «ቲቸር፣ ሞቋቸው ነው። ሊድኑ ነው» አለችኝ። ተንበርክኬ ጆንያ መግፈፍ ጀመርኩ። የቻርጀር ቀዳዳዎቹ ክዳኖች ውሃውን አላስገቡም፤ ጠራርጌ ማብሪያውን ስጫን አንዱ በራ፣ ሌላው በራ፣ ሌላውም። መጨረሻ ያነሳሁት የእሷው ነው። የቻርጀሩ ክዳን ተከፍቶ ኖሯል። ተጫንኩት። ደግሜ ተጫንኩት። አልበራም፤ ከዚያም ወዲህ በርቶ አያውቅም።

ቀና ስል ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ቆመዋል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሙቀቱን፣ ጎማውን፣ ሱቅ ውስጥ ንቄ የተውኩትን ወንፊት። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ቃላችን ቃል ነው፣ መምህርት» አሉና ታብሌቶቹን በራሳቸው እጅ ሰብስበው ወደ ቢሮ አመሩ። ተከተልኳቸው። «ካስገቧቸው አይወጡም! ያቺ ልጅ እኮ ገና አሁን ነው አፏን የፈታች!» እላለሁ። ቁልፉን አወጡ። የቁም ሳጥኑን በር ሲነኩት እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ የምዕራቧ ፀሐይ በግድግዳው በኩል ስትጠብሰው ውላ ብረቱ ግሏል። በሸሚዛቸው ጫፍ ይዘው ከፈቱት።

ለታብሌቶቹ ቦታ ለመልቀቅ የግሎቡን ካርቶን ሳቡት። አልመጣም። መደርደሪያው ላይ ተጣብቋል። በኃይል ሲስቡት የካርቶኑ ታች ተቀደደና ግሎቡ ወጣ። አንድ ጎኑ ቀልጦ ሰርጉዷል፤ ወረቀቱ ከሙጫው ተላቅቆ አፍሪካ እንደ ተላጠ ቅርፊት ተንጠልጥላለች። ዳይሬክተሩ ሁለት እጃቸው ላይ ይዘው አዩት። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ማነው የነካው?» አሉ።

«ማንም» አልኩ።

ስንት ዓመት ስለዚያ ግሎብ ያጠራቀምኩት ነገር ነበረኝ። ምላሴም ስለት ናት፤ ያወቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ግን ፊታቸውን ሳይ አንዱም አልወጣኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬን ሳላቀያይር ቆምኩ። እሳቸው ታብሌቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አንድ በአንድ እቅፌ ላይ ደረደሩልኝ፤ የሞተውን ለብቻው አስቀሩት።

«ነገ መተማ ዮሐንስ ሂጂ» አሉኝ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ያንን ወንፊትሽን አምጪው።»

በሩ ላይ የሾፌሩ ልጅ ቆማለች፤ ቀሚሷ በውሃ ርሷል። ዓይኗ ግሎቡ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

«ቲቸር» አለች። «ይኼም ሞቆት ነው?»

መልስ አልጠበቀችም። ሮጣ ሄደች፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ ይዛ ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጆንያውን ከእጇ ተቀበሉና ግሎቡን አለበሱት።