መንገድ ላይ የወጣው ቤት

አንዲት እናት አምቦ ወዳለው ቢሮአችን የገቡት እኔ ከላፕቶፔ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። "አካም ጅርቱ" አሉና መቀመጫ እስክሰጣቸው እንኳ አልጠበቁም።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቴ መቼ ተነስቶ ነው መንገድ ላይ የወጣው?"

ጉደር ላይ የእሳቸውን ሰፈር ካርታ እየሠራን ነበር። እዚያ ያለው የእግር መንገድ ለመኪና ሊሰፋ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማን ይነሳል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስነው በእኛ ካርታ ነው። ድሮን ሲባል ሰው ስለሚደነግጥ አስቀድመን በቀበሌ አስነገርን፣ አበረርን፣ ፎቶዎቹን አገጣጥሞ ካርታ የሚያደርጋቸው ሶፍትዌር ውስጥ ከተትን። በወጣው ረቂቅ ላይ የእሳቸው ቤት መንገዱ መሀል ቁጭ ብሏል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አይቶ ነግሯቸዋል። ካርታው ሰኞ ሊለጠፍ ነው፤ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ አቤት ማለት ምን እንደሆነ አገር ያውቃል።

"ከባለቤቴ ጋር ጭቃ አቡክተን የሠራነው ቤት ነው" አሉ። አንጀቴን በሉት።

ቦታውን በእግሬ አውቀዋለሁ። ከመንገዱ እስከ ቤታቸው ድረስ አጥር አለ፣ ጌሾ አለ፣ ደህና ግቢ አለ። "እማማ፣ እስከ ሰኞ አስተካክለዋለሁ" አልኳቸው። ምኑን እንደማስተካክል ግን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ነፋሱን ጠረጠርኩ። ዛፍ ሲወዛወዝ ካርታው ይደበዝዛል እንጂ ቤት አይሄድም። ፎቶዎቹ በደንብ አልተደራረቡም ይሆናል ብዬ አየኋቸው፤ ተደራርበዋል። ሥራውን ከሥር ጀምሬ እንደገና አስሠራሁት። ላፕቶፑ እንደ እህል ወፍጮ ሲያጓራ ውሎ ያንኑ ካርታ አመጣልኝ፤ መንገዱ እዚያ ቤት ጋ ሲደርስ ይጎብጣል።

"ምን አደረግኩህ አንተ!" ብዬ ጮህኩበት።

"አይሰማሽም፣ አማርኛ አልተጫነበትም" አለኝ ባልደረባዬ።

ድሮኗ ከመነሳቷ በፊት መሬት ላይ ምልክት እናነጥፋለን፤ ጥቁር መስቀል የተቀባበት ነጭ ሸራ። የእያንዳንዱን ቦታ በጂፒኤስ እንለካለን፤ ሶፍትዌሩም ፎቶውን እነሱ ላይ ወጥሮ ይዘረጋዋል። እነዚህን ምልክቶች ተራ በተራ እያጠፋሁ ሞከርኩ። እዚያ ቤት አጠገብ ያለውን ሳጠፋ መንገዱ ቀጥ አለ። ኧረ ጉድ! ፎቶውን አጉልቼ ሳየው፣ እኛ መንገዱ ዳር አንጥፈን የለካነው ሸራ ግቢያቸው ውስጥ፣ ጌሾው ሥር ተንጣሏል። ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ! መንገድ ዳር ነው ያልነውን ምልክት ግቢ ውስጥ ሲያገኘው ግቢውን ከነቤቱ ጎትቶ መንገዱ ላይ አወጣው።

ደሜ ፈላ። የለካነውን ሸራ ያነሳ ሰው ላይ እጮሃለሁ፣ ያለዚያ ምልክት ካርታው ስለማይታመንም እንደገና አበርራለሁ ብዬ በማግስቱ ድሮኗን ይዤ ጉደር ወረድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

"ሸራዬን ማነው ያነሳው?" አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

"እኔ ነኛ" አሉ ኮራ ብለው። "ላሙም አህያውም ሲረግጠው አየሁ። በስመአብ! መስቀል እኮ ነው! አንስቼ አራገፍኩት፣ ንጹሕ ቦታ አነጠፍኩት። ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ጫንኩበት።"

ቁጣዬ ወዴት እንደገባ እንጃ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ቤቴን መንገድ ላይ ያወጣሁት እኔው ነኝ በይኛ!" ብለው ራሳቸውም ሳቁ፤ ጎረቤት ከአጥር በላይ ብቅ ብሎ እስኪያየን ድረስ ሳቅን።

ሸራውን መንገዱ ዳር መልሼ አነጠፍኩና ለካሁት። አሁንስ ከብቱን ምን እናድርገው ስል፣ "እኔ አለሁ አይደል!" አሉና ዱላቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። ድሮኗ ወርዳ እስክታርፍ፣ ፎቶው ይበላሻል ብለው ንቅንቅ አላሉም።

ሰኞ ካርታው ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ቤቱ ከነጌሾው ከአጥሩ ወዲያ፣ በቦታው ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሸራዎቻችንን እንደ ዳማ ገበታ ነው የምንቀባቸው፤ መስቀል አንቀባም።

እማማ ሰሌዳው ፊት ቆመው ጣሪያቸውን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ቀጥሎ ጣታቸው ከመንገዱ ዳር፣ ቀጭን ጥላ ያላት አንዲት ነጥብ ላይ አረፈ።

"ይቺስ?"

"እርስዎ ነዎት፣ ሸራውን ሲጠብቁ። ካልፈለጉ አጠፋታለሁ።"

ጣታቸውን ከነጥቧ ላይ አላነሱም።

"ተያት፣ እዚያው ትቁም" አሉ። "ቤቱ ተነስቶ ልውጣ ቢል ማን ይመልሰዋል?"