ጽዋው ደጃችንን ያለፈ ዕለት

ልጅ እያለሁ በተራ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም ነበር። መንደራችን ከሰቆጣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። በበጋ ምንጯ ጠብ ጠብ ነው የምትለው፤ አንድ እንስራ እስኪሞላ ልጅ ተኝቶ ይነሳል። ስለዚህ ውኃ ቀጂ ሁሉ ማለዳ መጥቶ በመስመሩ ላይ ድንጋዩን ያስቀምጣል። ድንጋዩ ሰው ነው። ባለቤቱ ፍየል ሊመልስ ቢሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ቢሄድ፣ ድንጋዩ ተራውን ይጠብቅለታል። እኛ ልጆቹ እዚያው ጠጠር እየተጫወትን እንውላለን። የሰው ድንጋይ ያነሳ ሲገኝ ግን ጨዋታዬን ጥዬ የምጣላው እኔ ነበርኩ፤ ድንጋዩ የማንም ይሁን። ሴቶቹ “ዳኛዋ መጣችላችሁ!” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፤ ዳኝነቱን ግን አያት ሆኜም አላቆምኩም። አያት ስላችሁ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት እንዳትመስላችሁ፤ እኔም በልጅነቴ ተዳርኩ፣ ልጄም ቸኮለች።

ዛሬ የምጽፈው እኔው ራሴ የሰው ድንጋይ ስላነሳሁበት ቀን ነው። ድንጋዩም የእናቴ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዷል። እናቴ ደብሬ ሴት ልጅ ወለደች። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት። እናቴ ለሕፃኗ ማተብ በገዛ እጇ ፈትላ፣ ለቀኑ ብላ ከእህሉ ቀንሳ አስቀምጣ ነበር። እህቴ በሰባ ሰባተኛው ቀን ትኩሳት ይዟት ሞተች። ሦስት ቀን ቀርቷት። ቄስ እስኪጠራም አልጠበቀችም። ስላልተጠመቀች ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገባችም፤ ከቤታችን በታች ከወይራው ሥር ተቀበረች። “ወንድ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ተጠምቃለች” ትል ነበር እናቴ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። እኔ ይህ ነገር ደርሶ ከነከነኝና የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። “አንቺ ልጅ፣ ሥርዓት ነው፤ ዝም በይ” አሉኝ። ዝም አልኩ እንጂ መልስ አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ከዚያ እናቴ ቀስ በቀስ ከእኛ ራቀች። ድሮ ስታቅፈኝ የፀጉሯ ቅቤ ይሸተኝ ነበር፤ ቅቤው ቀረ። ቀኑን ሙሉ ከመደቡ ላይ ሆና ማተቡን በጣቷ እየጠቀለለች በአፍ መፍቻዋ በኽምጣኛ ታንሾካሹካለች። ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማት ቀን ነበር የምትቆጥረው። ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ። ከዚያ እንደገና ከሰባ ስምንት ትጀምራለች። አንዳንዱ “ተለክፋለች” አለ፤ አንዳንዱ “ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጣባት” አለ። ጎረቤቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህንን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። እህላችንን ፈጩልን፤ እኔንም ፀጉሬን ሠሩኝ። ብቻ እሷን የሚያነጋግራት ጠፋ። ስለ እሷ የሚጠየቀው ሁሉ እኔን ነበር። “በላች?” “ተኛች?” እሷ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ።

እናቴ የማርያም ማህበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በሃያ አንድ ማህበሩ በአንዷ ቤት ይጠጣል፤ ሲያበቃ ሴቶቹ ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው በእልልታ ወደ ተረኛዋ ቤት ይወስዱታል። ጽዋው የገባበት ቤት ወሩን ሙሉ እንደተባረከ ነው። ተራው የእናቴ የደረሰው እህቴ በሞተች በአምስተኛው ወር ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት እኔ ምንጭ ወርጄ ነበር። ፍየል መልሼ ብመጣ ድንጋዬ የለም። አንዲት የኔ እኩያ ከመስመር አውጥታ ወርውራዋለች።

“ድንጋዬስ?”

“የእብድ ልጅ ምን ተራ አላት!” ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ዘልዬ ፀጉሯን ያዝኩ፤ እሷም ነከሰችኝ። ገላግለውን ሲያበቁ እንስራዬ ተሰብሯል፤ ባዶ እጄን ዳገቱን ወጣሁ። ያን ጊዜ ነው የማህበሩ መሪ እማማ አልጋነሽ መንገድ ላይ ያገኙኝ። ደግ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

“ሙሉዬ፣ እናትሽ ዛሬ ጽዋውን መቀበል የምትችል ይመስልሻል? እንዳናስጨንቃት ብለን ነው።”

እናቴ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ቀን ስትቆጥር ታየችኝ። ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲስቁ ታየኝ።

“አትችልም፤ እለፏት” አልኩ።

“የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ” ይላሉ ትልልቆቹ። በሌላው ቀን የእኔን ቃል ማን ሰምቶት ያውቃል! የዚያን ቀን ግን ጥሬውን ወሰዱት።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ትኩስ እበት። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተለቅልቋል፤ ገና አልደረቀም። መደቡ ላይ ቁርበቱ ተራግፎ ተነጥፏል። እናቴ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አምስት ወር ሙሉ ያልተነሳች ሴት! “እግርሽን ጥረጊ፤ ዛሬ ጽዋዬ ይገባል” አለችኝ። በአማርኛ፣ ዓይኔን እያየች።

ጊዜ ነበረኝ። ማህበሩ ገና መጠጣት አልጀመረም። ሮጬ “ተሳስቻለሁ፣ ተነስታለች” ብል ይበቃ ነበር። አልሮጥኩም። “ብትወድቅስ፣ ቢስቁባትስ” እያልኩ ከጓሮ ተቀምጬ እግሬን ስጠርግ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ እልልታው መጣ። እናቴ ተነስታ ቆመች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀች። እልልታው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና አጥራችን ጋ ሲደርስ ዝቅ አለ። የታመመ እንዳይረበሽ ብለው ነው። ካለፉን በኋላ ከፍ አድርገው ቀጠሉ። እናቴ እጇን እንደዘረጋች ቆየች።

“አለፉኝ?” አለች።

ነጠላዋን አውልቃ፣ አጥፋ፣ ሣጥን ውስጥ ከተተችና ተኛች። በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ ጠበል ወሰዳት። ብዙ ወር ቆይታ ስትመለስ መቁጠሩን ትታለች፤ መሥራት ችላለች፤ አንድ ማህበር ግን እስክትሞት ድረስ አልረገጠችም።

እኔ ተድሬ ሰቆጣ ገባሁ። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ያ ነገር እኔም ላይ መጣ። ልጄ ታለቅሳለች፤ የሌላ ሰው ልጅ የምታለቅስ ይመስለኛል። ቀን ቀን ከግድግዳው ጋር ነኝ፤ መሞት እመኛለሁ። እናቴ ሰምታ ከገጠር መጣች። ልጅቷን አዘለች፤ እጄን ያዘች፤ አጠገቤ ተኛች። እኔም ማህበርተኛ ነበርኩና ተራዬ ደረሰ። ሁለት ሴቶች መጥተው በሩ ላይ ቆሙና እናቴን ጠየቋት።

“እማማ ደብሬ፣ ልጅዎ ጽዋውን ትችል ይሆን? ወይስ እንለፋት?”

እናቴ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። “እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ባለተራዋ ይቻት ተቀምጣ! እሷን ጠይቋት!”

ደነገጡ። ጠየቁኝ። “አልችልም” አልኩ።

“ሰማችሁ? በገዛ አፏ አልችልም ብላለች። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ። ጽዋው ግን በዚህ በር ይገባል።”

ገባም። በእልልታ። ያኔ ነው እናቴ የዚያን ቀን ማን “እለፏት” እንዳለ ታውቅ እንደነበር የገባኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። ስንት ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

በዚያው ሰሞን እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ ቁጭ ብሎ አነጋገረኝ፤ እሱም እኔኑ ነው የጠየቀኝ። ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ትድኛለሽ አለኝ። እናቴ ልጄን እንዳዘለች ስትሰማ ቆየችና፣

“ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ድሮም ነበር?” አለችው።

“ድሮ መቼ፣ እማማ?”

“ይቺ ልጄ ውኃ በምትቀዳበት ጊዜ።”

ልጁ አንገቱን ደፋ። “በአገሩ ሳይኖር አይቀርም፣ እማማ። እዚህ ግን አልደረሰልዎትም።”

“አሃ” አለች እናቴ፤ የአንቀልባውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገችው። “እሱም አልፎኝ ነው የሄደው።”

ክኒኑን ዋጥኩ፤ ጠበሉንም ጠጣሁ፤ ወራት ፈጅቶብኝ ዳንኩ። እናቴ ግን ይቅርታ ሳልጠይቃት አመለጠችኝ። በመጨረሻዋ ሳምንት አፌን ስከፍት መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። ይቅር ብላኝ ይሁን፣ መስማት ከብዷት ይሁን፣ አላወቅኩም።

ዛሬ መንደራችን ቦኖ ገብቷል፤ ድንጋይ የሚያስቀምጥ የለም፤ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ የወለደችን ሴት “እንቅልፍሽስ? ሆድ ይብስሻል ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቅሳለሁ። የማህበራችን መሪ አሁን እኔ ነኝ። ከመሃላችን አንዲት ልጅ አለች፤ ከዓረብ አገር ስትመለስ ቃል ከአፏ ጠፍቷል። ተራዋ በደረሰ ቁጥር እናቷን አልፌ እሷ ፊት እቀመጥና “ጽዋውን ትቀበያለሽ፣ የኔ ልጅ?” እላታለሁ። ሁለት ጊዜ አንገቷን ነቀነቀች፤ አልችልም ነው። “እሺ፣ ደግሞ እጠይቅሻለሁ” ብያት ወጣሁ። ባለፈው ግን ነጠላዬን ይዛ አስቀረችኝ። እሺም እንቢም አላለችም፤ ብቻ ያዘችኝ። እስክትለቀኝ ድረስ አብሬያት ተቀመጥኩ።

አንድ ጥያቄ ናት። እናቴ በተለቀለቀ ወለል ላይ እጇን ዘርግታ የጠበቀቻት እሷን ነበር። ሁሉም እናቴን ረሷት ልበል? እነሱስ ጠይቀዋል፤ እኔን ጠይቀዋል። እኔ ነኝ ያልጠየቅኳት።