ከቤታችን ጀርባ የተተከለው ማገጥ

ትናንት ጎረቤቴ ከሰቆጣ ያመጣችውን ነጭ ማር አቀመሰችኝ። የማገጥ አበባ ጠረኑ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ምን ልበልሽ፣ አክስቴ ፊቴ ቆመች።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች። በሰቆጣ በኩል ያለችው ዝቋላ ተድራ፣ ልጅ አልወለድሽም ተብላ ተፈትታ፣ አንድ ባዶ የንብ ቀፎ ተሸክማ እኛ ቤት ተመለሰች። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ግን የሰው ወሬ ስላሳፈረው እንደገና ሊድራት ፈለገ።

«ወንድምዓለም፣ እስከ መስቀል ታገሰኝ» አለችው። «ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ራቁት መሬት ስጠኝ። ንብ ከገባልኝ ራሴን አስተዳድራለሁ። ካልገባልኝ ያልከው ይሁን።»

«ምን ልታበቅይባት?»

«ማገጥ።»

አባቴ ሳቀ። «የከብት መኖ?»

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር እኔና እሷ ወንዝ ዳር ወርደን፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ማገጥ ከነሥሩ እየነቀልን በእንቅብ ተሸክመን ወጣን። እርጥቡ አፈር ይሸታል። እሷ በኽምጣኛ እያንጎራጎረች ድንጋዩን ትለቅማለች፤ እኔ በጣቴ እየማስኩ እተክላለሁ። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ግማሹን ጠርጎ ወሰደው። ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን ሳይ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ «ተነሽ፣ የቀረው ይበዛል» አለችኝ። ከታች በኩል ካብ ካብንለት።

ነሐሴ ላይ ማገጡ ተያያዘ፤ መስከረም ሲጠባ ሐምራዊ አበባው ፈነዳ። ከመሃሉም እኛ ያልተከልናቸው ቢጫና ነጭ የዱር አበቦች ብቅ ብቅ አሉ። ንቦች እየመጡ ይቀስማሉ፤ ቀፎው ውስጥ ግን አንዲትም አትገባም።

የመስቀል ማግስት ሽማግሌዎች መጡ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በቃሏ ልትገኝ ወደ ቤት ስትገባ፣ ከጓሮ ከባድ ጉምጉምታ ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። የንብ መንጋ ቀፎው አፍ ላይ ይርመሰመሳል፤ እየተጋፋ ይገባል።

«አክስቴ! ገቡልሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም ተከትለውኝ ወጡ። አባቴ ንቦቹንም አበባውንም አየ።

«ደክማችሁ መጣችሁ፤ ጠላ ቀምሳችሁ ሂዱ» አላቸው ሽማግሌዎቹን በቀስታ። «እህቴ ቤት አላት።»

ዛሬ እሷም አባቴም የሉም። የዚያን ቀን ግን እንግዶቹ ሲሄዱ፣ አክስቴ እዚያው ማገጡ ዳር ቁጭ ብላ እኔን ወደ ጉያዋ ሳበችኝ። ልቧ ሲመታ ይሰማኛል።

«ለከርሞ እስከ አጥሩ እናድርሰው?» አለችኝ።

አደረስነው።