ለሩቤን የተሠራው ካይት

በሱምፓንጎ ከተማ ሰው ሲሞት ሳጥን ሠሪው ዘንድ አንዴ ይኬዳል፤ ሲፕሪያኖ ቱባክ ዘንድ ግን በየዓመቱ ነው። ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ በቃጫ አስሮ፣ ስስ ወረቀት ለጥፎ ካይት የሚሠራው እሱ ነው። በሙታን ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ካይቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ነፍስ ክሩን ተከትላ ትወርድና ከዘመዶቿ ጋር ትውላለች፤ ሲመሽ ካይቱ ይቃጠልላታል፣ በጭሱ ትመለሳለች። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማው ሙታን በሲፕሪያኖ ክር ሲወርዱ ኖረዋል። እምቢ ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለገዛ ልጁ።

ሩቤን ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። በረሃው አፋፍ ላይ ሆኖ ደወለና «ነገ ድንበሩን እንሻገራለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ መቃብር የለ። የሲፕሪያኖ እናት ደግሞ በሕይወት ሳሉ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ በሕይወት ላለ ሰው ካይት ያበረረ፣ ያንን ሰው በገዛ እጁ ጠርቶ ከሙታን ይቀላቅለዋል። ሲፕሪያኖ በሌላው የእናቱ ወሬ ሁሉ ሲስቅ ኖሯል። በዚህኛው መሳቅ ግን አልሆነለትም።

ሚስቱ ቶማሳ ግን ልጇ መሞቱን ልቧ ቆርጦ ነበር። ነፋስ በሌለበት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጣሪያው ሥር የተንጠለጠሉት ያላለቁ ካይቶች ጠርዛቸው ይንሿሿል። ሲፕሪያኖም ይሰማል። አይጥ ነው ይላል። ወጥመድ ግን አጥምዶ አያውቅም።

«ልጁ መንገድ ጠፍቶት ነው» አለችው። «የሰው ሁሉ አባት ሲጠራ የእሱ ዝም አለ። የሰው ካይት እየነካካ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አታሟርቺ።»

«ሟርቱስ ያንተ ዝምታ ነው።»

ዘንድሮ ተረታና ሠራላት። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ቀይና ወይን ጠጅ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ የሩቤን ስም። ከዚህ ያማረ ሠርቶ አያውቅም። ጅራቱን ግን አሳጠረው። ካይት ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቆመው በጅራቱ ክብደት ነው፤ ጅራቱ ከቀለለ እንደ ሰካራም ይሽከረከርና በአፍንጫው ይተከላል። ይህን ከሲፕሪያኖ በላይ የሚያውቅ የለም። ሠራሁልሽ ለማለት ሠርቷል፣ ልጁንም አልጠራም። ፈሪ አባት ብልሃት አያጣም።

የሙታን ቀን ደረሰ፤ ሩቤን መቃብር ስለሌለው ከአያቱ መቃብር ዘንድ ቆሙ። ካይቱ ተነሣ፣ ዞረ፣ ወደቀ። ደግመው ለቀቁት፤ አሁንም ወደቀ። ከጎን መቃብር ላይ አበባ ሲነሰንስ የነበረው ጎረቤታቸው ላሳሮ አላስቻለውም።

«ሲፕሪያኖ፣ አርጅተሃል። ለከርሞ እኔ ጋ ተለማማጅ ሆነህ ግባ።»

ሰው ሳቀ። ሲፕሪያኖም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው፣ ደስ ብሎት ነበር።

ቶማሳ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የካይቱን ጅራት በመዳፏ መዘነችው። ለዚያ ቤት ካይቶች ሁሉ የጅራት ጨርቅ ስትቀድ የኖረችው እሷ ናት። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ሲፕሪያኖ አንገቱን ደፋ። በሰው ፊት አላዋረደችውም። መቀነቷን ፈታችና ከጅራቱ ጫፍ ቋጠረችው።

«አሁን ልቀቀው።»

ካይቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሲፕሪያኖ እንዲህ የሚጎትት ክር በዕድሜው ይዞ አያውቅም፤ ሰው ከወዲያ የያዘው ይመስል ነበር። እንባው መጣ። ለሙታን መልእክት መላክም ወግ ነውና ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ጻፈ፤ ወረቀቷን መሐሏን በስቶ ክሩ ላይ አጠለቃት። ነፋሱ እየገፋ ወደ ላይ ወሰዳት።

ቶማሳ ማንበብ አትችልም። ወረቀቷ ግማሽ መንገድ ስትደርስ በቀስታ ጠየቀችው።

«ምን አልከው?»

«እዚያ ከሌለህ አታንብበው፤ ወደ ቤትህ ና፣ አልኩት።»

 ልጄ ሞቷል ስትል የከረመችው ሴት አማቷ ይሉት የነበረው ትዝ አላት፤ በሕይወት ቢኖርስ ብላ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ክሩን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«አውርደው» አለች። «ሲፕሪያኖ፣ በእናትህ፣ ወረቀቷ ሳትደርስ አውርደው።»

ሁለቱም እየተሻሙ ይስቡ ጀመር፤ የቃጫው ክር መዳፋቸውን ላጠው። ላሳሮ ምን እንደሆኑ ሊጠይቅ መጣ፤ ቶማሳ በክርኗ ገፋ አደረገችው። ነፋሱ ግን አልቆመም፤ ካይቱ ገና ከዛፎቹ በላይ ሳለ ወረቀቷ ደረሰች።