ሦስት ጣቢያ ያዝን

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ እህል ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ የመጋዘኑ ሽታ ግን አልወጣም። ሻጋታ፣ የአይጥ ሽንት፣ ጥግ ላይ ካለው ባልዲ የሚነሳው ግማት። ጣሪያው ውስጥ የቀረው ነቀዝ አንገታችን ላይ ይረግፋል። አሥራ አራት ነበርን። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ የወግዲ ገበሬ፣ ሰፈራ አልሄድም ብለው የታሰሩ ሽማግሌ፣ የተቀመጡበትን ጆንያ ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አርገህ ነው?» አሉኝ።

«ራዲዮ ሰምቼ።»

«እሱም ያሳስር ጀመር?» አሉና ነቀዙን ከአንገታቸው ጠረጉ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ራዲዮኔ ትንሽ ናት፤ ቀን ቀን መካከለኛ ሞገዷ ላይ ከአዲስ አበባው ጣቢያ በቀር የሚሰማ ነገር የለም፤ እሱም ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አየሩ ይከፈታል። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ከነበሩት ሼህ ግቢ ቁጭ ብለን፣ ሣጥኗን ወዲያ ወዲህ እያዞርን ጅዳን፣ ካርቱምን፣ ካይሮን እንፈልጋለን። ዓረብኛውን እሳቸው ይተረጉሙልኛል፤ እንግሊዝኛ ሲመጣ እኔ እተረጉምላቸዋለሁ። የባትሪ ድንጋይ ሱቅ ስለማይገኝ የደከመውን ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንከተዋለን። የሰማነውን ጣቢያ ደግሞ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ የአስተማሪ አመል ነው። «ጅዳን ያዝን፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ካርቱምን ያዝን፤ ወዲያው አመለጠን። ዛሬ ሦስት ጣቢያ ያዝን።» የሰው ስም አልጻፍኩም።

አንድ ምሽት ሼሁ ጆሯቸውን ራዲዮኗ ላይ አስጠግተው ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ስለኛ ነው የሚያወራው» አሉ። «ወሎ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነው ይላል። ሱብሃነላህ! የኛን ሞት ጅዳ ሰምቶታል።»

እኛ ጋ ከወግዲ በኩል በእግራቸው የመጡ ሰዎች ገበያው አጥር ሥር ወድቀው፣ ሬሳቸው በየጠዋቱ ይነሳ ነበር። የአዲስ አበባው ጣቢያ በዚያው ሰዓት ስለ አብዮት በዓል መብራትና ስለ ሰልፉ ልምምድ ያወራል። ደስታውን ስሰማ አቅለሸለሸኝ፤ ራዲዮኗን ዘጋኋት።

ሰው ጠቆመብኝ መሰለኝ፤ በሳምንቱ ራዲዮኗንም፣ ደብተሩንም፣ እኔንም ወሰዱን።

በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን የወረዳው ካድሬ አስጠራኝ። ጥፍሩ ተቆርጦ የጸዳ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬና አንድ ካርቶን ብስኩት አለ። ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ለተራቡ ሕፃናት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከመኪናው ሲራገፍ እኔም ተሸክሜያለሁ።

«ብላ» ብሎ አንድ ገፋልኝ።

በላሁት። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ የማን እንደሆነ እያወቅኩ በላሁት።

«የትኞቹን ጣቢያዎች ነው የያዛችሁት?»

«ጅዳን፣ ካርቱምን…»

«አትቀልድ። ሦስት ጣቢያ ያዝን ብለህ ጽፈሃል። የወግዲን ነው? የአጅባርን? ስንት ጠመንጃ ወሰዳችሁ?»

የሚቀልደው እሱ መስሎኝ ነበር። ጣቢያ ማለት ለሱ ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ጣቢያ የሚይዝም ወንበዴ እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም። እንደ ተማሪ አስረዳሁት። አገጩን ይዞ አዳመጠኝና ጣቱን ደብተሩ ላይ አሳረፈ።

«‹ያዝን› ነው የሚለው። ከማን ጋር?»

የሼሁ ስም ከአፌ ከወጣ፣ ደሴ የሚወስዳቸው መኪና እንደማይመልሳቸው አውቃለሁ።

«ብቻዬን ነኝ። ስጽፍ ራሴን ‹እኛ› እላለሁ፤ ልማድ ነው።»

«እንደ ንጉሥ?»

«እንደ ንጉሥ።»

ውስጥ እግሬን የተገረፍኩት በዚህ መልስ ነው። ሲገርፉኝ «ፊውዳል!» ይሉኝ ነበር።

ተሸክመው መለሱኝ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ቀደው፣ የመጠጥ ውኃቸውን አፍስሰውበት እግሬን ጠቀለሉልኝ። ከዚያ ፊቴን አዩት።

«ጢምህ ላይ ፍርፋሪ አለ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጥረገው፤ ሌሎቹ እንዳያዩብህ።»

ግርፋቱን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ሳስታውስ ግን የገዛ አፌ ያስጠላኛል።

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ደግሞ አስጠራኝ። ራዲዮኔን የብረት ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ያሽከረክራል። የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

«ይሄ ነገር ይጮሃል እንጂ አይናገርም» አለኝ። «የውጮቹ ምን እንደሚሉን ልስማ። እስቲ አንድ ጣቢያ ያዝልኝ።»

ከብረቱ ላይ አውርጄ መስኮቱ ጋ ወሰድኳት፤ ጎኗን አዞርኩት። ጅዳ ጥርት ብሎ መጣ።

«ያዝክልኝ!» አለ ደስ ብሎት። ወዲያው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ያለውን ራሱ ሰምቶታል። ተያየን።

አለቀ፣ ልወጣ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሱ ግን ራዲዮኗን ዘግቶ መሳቢያውን ከፈተ።

«ሪፖርቱ ደሴ ሄዷል» አለ። «ሦስት ጣቢያ የያዘ ቡድን ደረስኩበት ብያለሁ። አሁን ራዲዮ ነው ብዬ ልጻፍ?»

አላፈረም። እውነቱን ከኔ እኩል ያውቃል፤ የጨነቀው አለቆቹ እንዳይስቁበት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት መቆም ራሱ ገላ ያቆሽሻል። ወረቀት ገፋልኝ። በእጁ ጽሑፍ «ከ______ ጋር ሆነን ሦስት ጣቢያ ያዝን» ይላል።

«ባዶው ላይ የሰውዬውን ስም ሙላና ነገ ቤትህ ግባ። ካልሞላህ ደሴ ትወርዳለህ።» ብስኩትም ጨመረልኝ።

አልነካሁትም። ጀግንነት አይደለም፤ ሽታው ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኝ ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁና ባዶውን ቦታ ከነ «ጋር ሆነን» ሰረዝኩት። «ያዝን» ከሚለው ላይ «ን»ን ሰርዤ «ኩ» ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

«ምን አረግህ?»

«አስተማሪ ነኝ። ስህተት ሳላርም አልፈርምም።»

ወረቀቱን ብዙ አየው። የፈለገው ፊርማ አለበት። አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ደሴ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ታሰርኩ። ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ሼሁ ቤት ነው። ሮጠው የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ብቻ ይዘው በራቸው ላይ አቆሙኝ።

«በወሰዱህ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እስር ቤቱ በር መጥቼ ነበር» አሉ። «አብሬው የሰማሁ እኔ ነኝ፤ አስገቡኝ አልኳቸው። ዘበኛው ‹ብቻዬን ነው የያዝኩት ብሎ ፈርሟል፤ ይሂዱ› ብሎ መለሰኝ።»

«ሸህየ፣ ታዲያ ምን ላርግ? ይገድሉዎት ነበር እኮ።»

«ወላሂ ዋሽተሃል መምህር። አብረን ነው የያዝነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ያቀፉኝ።

ሼሁ ካረፉ ቆይተዋል። ሰዎች ካድሬውን ይቅር ብለኸዋል ወይ ይሉኛል። ቁጣው ወጥቶልኛል፤ መጸየፉ ግን አልወጣልኝም፤ ስሙን የሚመስል ስም ስሰማ እንኳ ምራቄን እተፋለሁ። ሼሁን ከሞት አተረፍኩ ብዬ ግን ድሮ እኮራ ነበር። ዛሬ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ለመታሰር መጥተው በእግራቸው የተመለሱትን መንገድ ሳስብ፣ ሳልጠይቃቸው እንደ ሰረዝኳቸው ነው የሚሰማኝ።