ሳልስቅ የሚስቅ ፊት

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስልኬን ነበር። በግራ ጆሮዬ ስይዘው የሚያናግረኝ ሰው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም። አሶሳ ገበያው አጠገብ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድኩት። እሱም ጆሮው ላይ አድርጎ ካዳመጠ በኋላ፣ "ጋሼ፣ ስልኩ ምንም አልሆነም" አለኝ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነበር። ከእናቴ ያገኘሁትን በርታኛና ትምህርት ቤት የተማርኩትን አማርኛ ይዤ፣ ምስክሩ ያለውን ለዳኛው፣ ዳኛው ያሉትን ለተከሳሹ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። እንጀራዬ በጆሮዬ ነበር።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጠብታ ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ጆሮዬን አጠቡልኝ። ውስጡ ያለው ጩኸት ግን ባሰበት፤ ከባጃጅ ስወርድም ወደ ግራ መንገዳገድ ጀመርኩ። አንዱ "በጠዋቱ ጠጥቷል" ሲል ሰማሁት፤ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። በመጨረሻ ባለቤቴ ዘይነብ፣ "ከዚህ በላይ አልጠብቅም" ብላ አዲስ አበባ ይዛኝ ሄደች።

እዚያ የመስማት ምርመራ አደረጉልኝ፤ ቀጥሎ ኤምአርአይ ተነሳሁ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን እያሳየን ቀስ ብሎ ነገረን።

"አኩስቲክ ኒውሮማ ይባላል። ሚዛንና መስማትን የሚመራው ነርቭ ላይ የሚያድግ ዕጢ ነው። ካንሰር አይደለም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ዘይነብ፤ እንባዋ ወረደ።

"ግን ትልቅ ሆኗል" ብሎ ቀጠለ። "መተንፈስን የሚመራውን የአንጎል ግንድ እየተጫነ ነው። ካልወጣ ለሕይወትዎ ያሰጋል። የግራ ጆሮዎ አይመለስም። የፊት ነርቭዎም ዕጢው ላይ ተለጥፏል፤ ለማዳን እንሞክራለን፣ ቃል ግን አልገባም።"

ካንሰር አለመሆኑን ብቻ ይዘን ወጣን። የሰው ቃል ሳላጎድል ማድረስ ሥራዬ የሆነው እኔ፣ ለራሴ ከተነገረኝ ውስጥ ግማሹን ጥዬ ወጣሁ።

ቀዶ ሕክምናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ነቃሁ። አስመለሰኝ። አልጋው ዞረ። በግራ በኩል ምንም አይሰማኝም። ውሃ ሰጡኝ፤ በከንፈሬ ጥግ ፈሰሰ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ግራው አልጨፈን አለ። ዘይነብን መስታወት ስጪኝ ብላት አልሰጠችኝም። መራመድ ስጀምር መታጠቢያ ቤት ገብቼ አየሁት። ግማሹ እኔ ነኝ። ግማሹ ተንጠልጥሏል።

"ነርቩ አልተቆረጠም፤ ሊያገግም ይችላል፣ ጊዜ ይፈልጋል" አለኝ ሐኪሙ። ጊዜ ሰጠሁት። አሶሳ ተመልሼ የታዘዘልኝን የፊት እንቅስቃሴ በየቀኑ ሠራሁ፤ ግድግዳ እየደገፍኩ መራመድ ለመድኩ፤ ዘይነብ ከመተኛቴ በፊት ዓይኔን ቅባት ቀብታ ቆቡን በፕላስተር ትለጥፍልኛለች፤ አንድ ጊዜ ችላ ብዬ ብተወው ኮርኒያ የሚሉት የዓይኔ የፊት ሽፋን ቆሰለና በዚያ ዓይን የማየው ሁሉ ደበዘዘ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ "ዳንክ እኮ! ካንሰር ቢሆንስ ኖሮ?" ይለኛል። እኔም ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ድምፅ ሁሉ ይደባለቅብኛል፤ ሰርግ ቤት ገብቼ የቀኝ ጆሮዬን ለማን ልስጥ እያልኩ ደክሜ እወጣለሁ። ቀስ በቀስ መሄዱን ተውኩት።

ወደ ችሎት የተመለስኩት ግን በደስታ ነበር። ዳኛው ደህናውን ጆሮዬን ወደ እሳቸው አዙሬ እንድቆም ፈቀዱልኝ፤ ጥቂት ጊዜም ደህና ሠራሁ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ተፈረደበት። ፍርዱን በበርታኛ ሳደርስ እናቱ ከፊት ተቀምጣ ትመለከተኛለች። ስናገር ደህናው የፊቴ ጎን አፌን ወደ ራሱ ይስበዋል። ሴትየዋ ድንገት ተነስታ ጮኸች።

"ምን አሉ?" ሲሉ ጠየቁኝ ዳኛው።

"ልጄ ሲታሰር ትስቃለህ ወይ፣ አሉ።"

"ማንን ነው?"

"እኔን ነው፣ ክቡር ዳኛ።"

ችሎቱ ሲያበቃ ሴትየዋን በር ላይ ጠበቅኋት። "እናቴ፣ አልሳቅሁም፤ ጭንቅላቴን ተቀድጄ ነው" አልኳት። አየችኝ። ልቧ የራራ መስሎኝ ነበር።

"ታመህ ከሆነ ለምን እዚያ ትቆማለህ?" ብላኝ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ራሴ ጠይቄ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ማንም አላባረረኝም። አሁን የታሰሩ ፋይሎች አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። በርታኛ የምናገረው እቤቴ ብቻ ሆኗል።

በቅርቡ ከካማሺ አንድ ጎልማሳ ቤቴ መጣ። ያው ሕመም ተገኝቶበታል፤ ሰዎች ጠቁመውት ነው። በቀኝ ጎኔ አስቀምጬ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። "አንድ ጆሮ ብቻውን ሲደክምብህ በጠብታ አትዘናጋ" የሚለው ምክር ለእሱ ስላለፈበት ለእናንተ እላለሁ፤ የመስማት ምርመራና ኤምአርአይ ጠይቁ። እሱን ግን ሐኪሙን "እተርፋለሁ ወይ?" ብቻ እንዳይለው፣ "ከተረፍኩ በኋላ ምን እሆናለሁ?" ብሎም እንዲጠይቅ፣ ሚስቱም አብራው ቁጭ ብላ መልሱን እስከ መጨረሻው እንድትሰማ መከርኩት።

"አሁን ቢሆን ቀዶ ሕክምናውን ታደርገው ነበር?" አለኝ።

"አደርገው ነበር። ልጆቼን እያሳደግሁ ነው። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ ዘይነብንማ በምን ቃል ላመስግናት። ግን እንደ ድሮው ነኝ ብዬ አልዋሽህም።"

ፊቴን ትኩር ብሎ አየው፤ የሚንጠለጠለውን ጎን። ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ዓይኑን አልሰበረም።

"እሺ" አለ፣ "መጀመሪያ ከዓይን ጀምረህ ንገረኝ። ቅባቱ በቀን ስንት ጊዜ ነው?"